ባለሜዳ ያለ ሜዳ

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ቃና ዘገሊላ በተከበረ ማግስት፣ በአዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣች፤ ዋንጫውንም ንጉሠ ነገሥቱ ለአምበሉ ለሉቺያኖ ቫሳሎ አስረከቡ። ከ60 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች ያንኑ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። መዝገቡ ባለሜዳ የሚለው አሁንም ኢትዮጵያን ነው። ጨዋታው የተካሄደው ግን በማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። የባሕር ዳር ስታዲየም በ2014 መጀመሪያ፣ መስከረም 29 ቀን ደቡብ አፍሪካን ካስተናገደ በኋላ መስፈርት አላሟላም ተብሎ በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) በመታገዱ፣ ቡድናችን በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ጋናን «በሜዳው» የገጠመው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ አንድ ሕዝብ ባለሜዳ የሚሆነው በምንድን ነው? በመሬቱ ነው ወይስ በራሱ በሕዝቡ?

ለአማኝ ሰው ፈጥኖ የሚመጣለት መልስ ቦታ ከንቱ ነው የሚለው ነው። ጌታ ለሳምራዊቷ ሴት እውነተኛ ስግደት በዚያ ተራራም ሆነ በኢየሩሳሌም እንደማይወሰን ነግሯታልና። ቃሉ እውነት ነው፤ ከእሱ የሚወጣው መደምደሚያ ግን ትክክል አይመስለኝም። እግዚአብሔር በቦታ አይወሰንም ማለት ሰው ቦታ አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ጃንሜዳን እንመልከት። በጥምቀት ታቦታት የሚያድሩበት ያው ሜዳ በሌላው ቀን ፈረስ የሚጋለብበት፣ አገር አቋራጭ ሩጫ የሚካሄድበት፣ ልጆች ኳስ የሚያንከባልሉበት ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ተዛወረ፤ ለ2013 ጥምቀት ግን ሜዳው ተለቅቆና ተጸድቶ ለበዓሉ ተመለሰ። እግዚአብሔር በሁሉም ቦታ ስላለ እያንዳንዱ በየግቢው ያክብር ብሎ ነገሩን የዘጋው ባለሥልጣንም ካህንም አልነበረም። ጸሎት በቤት ይደርሳል፤ ጠበሉም በዕቃ ተቀድቶ ቤት ይገባል። ቤት ውስጥ የማይገኘው ሺዎች አንዱን ነገር አብረው ማየታቸው፣ እርስ በርሳቸውም መተያየታቸው ነው።

የእኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው። «እኛ» የሚባለው ነገር በአዋጅ አይፈጠርም፤ በዓይን ታይቶ ይታመናል። በ1954ቱ ቡድን አምበሉ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ነበሩ። ከኢጣልያ ወረራ ገና ሃያ ዓመት በተሻገረ አገር፣ የጣሊያንን ስም የያዙ ልጆች የእኛ ናቸው ብሎ ለማሳመን ስንት ስብከት ያስፈልግ ነበር? ስታዲየሙ ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ አደረገው። እርግጥ ነው፣ ስታዲየም ገነት አይደለም፤ ገዥዎችም ሊታዩበት ይሠሩታል። በአዲስ አበባ ስታዲየም ባለሥልጣኑ ክቡር ትሪቡን፣ ገንዘብ ያለው ጥላ ፎቅ፣ ድሃው ፀሐይ ላይ ካታንጋና ሚስማር ተራ ይቀመጣል። በገና ጨዋታ ግን ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ሲጋፉ ጌታው እንዳይቆጣ የሚያስገድድ ጥንታዊ ልማድ አለን፤ ያውም በልደት ዕለት። ሃይማኖታችን ሜዳን ንቆ አያውቅም። ስታዲየሙ የገናውን እኩልነት ለዘጠና ደቂቃ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልሰጠንም፤ ጎል ሲቆጠር ግን ትሪቡኑና ካታንጋው በአንድ ጊዜ ይነሣሉ። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ትንሹንም ሌላ የሚሰጠን ስፍራ ብዙ የለንም።

ሊሎንግዌ ላይ ማሸነፋችን ሜዳ እንደማያስፈልግ አያሳይም ወይ? ተጫዋቾቹ ያለ ሜዳ ማሸነፍ እንደሚችሉ ያሳያል፤ ክብሩም የእነርሱ ነው። ሕዝቡ ግን ድሉን የሰማው በየቤቱ፣ በየስልኩ ተበታትኖ ነው፤ የ1954ቱን ግን አብሮ አየው። ከዚህ የሚከብደኝ የድህነት ጥያቄ ነው። ጤና ጣቢያ መድኃኒት በሚያጣበት አገር ስለ ስታዲየም መሟገት ነውር ይመስላል። ለአዲስ ቅንጦት ብሟገት ኖሮ ነውር በሆነ ነበር። ከ50 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ የታሰበው የባሕር ዳር ስታዲየም ግን የድሃው ገንዘብ ቀድሞ የገባበት ነው፤ የወጣውን ሀብት ባክኖ እንዲቀር መተው ድሃውን ሁለተኛ መዝረፍ ነው። ደግሞም አብሮ መቆሚያ ለድሃ ይበልጥ ያስፈልገዋል፤ ሀብታሙ የሚሰበሰብበት አዳራሽ አያጣም።

ስለዚህ ለሚመለከታችሁ ሁሉ እላለሁ፤ ሌላ የመሠረት ድንጋይ ከማኖራችሁ በፊት የተጀመረውን ጨርሱ። ከቢቸና እስከ ሞጣ ባሉ የገበያ ከተሞች ያላችሁ ወገኖቼ ደግሞ፣ ገበያው ሲበተን ልጆች የሚሯሯጡበት ሜዳ ካላችሁ ለቤት ቦታ ተሸንሽኖ ሳያልቅ ዛሬውኑ አስከልሉት።