አጵሎስን ያስተማሩት ድንኳን ሰፊዎች፤ በወላይታ ስላሉ በጎ ፈቃደኛ መምህራን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ አባቶች፥ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 18 መጨረሻ ላይ ስለ አንድ መምህር ያወሳናል። ስሙ አጵሎስ ይባላል፤ የተወለደው በእስክንድርያ ነው፤ አንደበቱ የቀና፥ መጻሕፍትን የሚያውቅ፥ መንፈሱም የሚቃጠል ሰው ነበረ። ወደ ኤፌሶን በመጣ ጊዜ በምኵራብ ገብቶ ስለ ጌታችን ያስተምር ጀመር። ደመወዝ እንደ ተቈረጠለት መጽሐፉ አይነግረንም፤ እንዲያስተምር ያስገደደው በልቡ ያለው ፍቅር ነበረ። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ጐድሎት ነበር፤ ከዮሐንስ ጥምቀት ያለፈ ነገር አልተማረም ነበርና። ስለዚህ የሚናገረው እውነት ሳለ ትምህርቱ ገና ያልተፈጸመ ነበረ።

ከሰሚዎቹም መካከል አቂላና ሚስቱ ጵርስቅላ ነበሩ። እነዚህ ባልና ሚስት ድንኳን እየሰፉ የሚኖሩ፥ ቀላውዴዎስ ቄሣር አይሁድን ከሮም ባስወጣ ጊዜ ተሰደው የመጡ፥ ቅዱስ ጳውሎስንም በቆሮንቶስ በቤታቸው ያስቀመጡ ሰዎች ናቸው። የአጵሎስን ጕድለት ወዲያው አስተዋሉ። በዚህ ጊዜ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ብዙ ነበር። በጉባኤው መካከል ተነሥተው ሊያሳፍሩት ይችሉ ነበር፤ ነገሩ እኛን አይመለከትም ብለው ዝም ሊሉ ይችሉ ነበር፤ ወይም ወደ አለቆች ሄደው፥ ይህ ሰው ገና ያልተማረ ነውና ከማስተማር ይከልከል ብለው ሊከሱት ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ከእነዚህ አንዱን እንኳ አላደረጉም። ለብቻው ወደ ራሳቸው አቀረቡት፤ የጐደለውንም በጥንቃቄና በትዕግሥት ሞሉለት። ቤተ ክርስቲያንም አንድ መምህር ከማጣት ዳነች።

ይህን ታሪክ እንድናነሣ ያደረገን በወላይታ የምናየው ነገር ነው። በሶዶ ከተማ፥ በቦዲቲ፥ በአረካ፥ በሁምቦና በገሱባ፥ በገጠርም ባሉ አጥቢያዎች፥ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕፃናትን ሰብስበው የሚያስተምሩ ወጣቶች አሉ። አንዱ በሳምንቱ ቀኖች ተማሪ ነው፤ አንዱ በገበያ የሚነግድ ነው፤ አንዱ አራሽ ነው፤ አንዲቱም በመሥሪያ ቤት ተቀጥራ የምታድር ናት። በ1999 ዓ.ም. በተከፈተው በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ልጆችም በግቢ ጉባኤ የተማሩትን ለታናናሾቻቸው ያካፍላሉ። እነዚህ ሁሉ ደመወዝ የላቸውም፤ የዕረፍት ቀናቸውን ሰጥተዋል። የዘመናችን አጵሎሶች እነርሱ ናቸው። ጥያቄው አቂላና ጵርስቅላ የት አሉ? የሚል ነው።

ጥፋቱን በሌላ ላይ ከማሳበብ በራሳችን እንጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሶዶ አቅራቢያ ባለች አንዲት አጥቢያ፥ አንድ ወጣት ለሕፃናት ስለ ምሥጢረ ሥላሴ ሲያስተምር ሰማነው። ምሳሌ ሲፈልግም፥ አንድ ሰው ለልጁ አባት፥ ለወላጁ ልጅ፥ ለሚስቱም ባል እንደሚባል ሥላሴም እንዲሁ ናቸው ብሎ ተናገረ። ይህ ምሳሌ ሦስቱን አካላት በስም ብቻ የሚለያዩ አንድ አካል የሚያደርግ የሰባልዮስ ስሕተት እንደ ሆነ ሊቃውንት የምታውቁት ነው። እኛም በሕፃናቱና በወላጆቻቸው ፊት ቆመን፥ ይህ ክሕደት ነው ብለን በታላቅ ድምፅ ገሠጽነው። የተናገርነው ቃል እውነት ነበረ። ወጣቱ ግን ጠመኔውን በጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ፤ በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም። ሕፃናቱ ያለ መምህር ሁለት ወር ተቀመጡ፤ ሌላ መምህር በተገኘም ጊዜ የተመለሱት ጥቂቶች ናቸው።

ኋላ ኅሊናችን ቢወቅሰን ወደ ቤቱ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። እርሱም ራሱን ዝቅ አድርጎ፥ «ይፍቱኝ አባቴ፤ ምሳሌውን ከልቤ አላመነጨሁትም። የሚያስረዳኝ ሳጣ ከሰው የሰማሁትን ተናገርሁ» አለን። የምንመልሰው ቃል አልነበረንም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያስተምር፥ ፀሐይ አንዲት ስትሆን ክበብ፥ ብርሃንና ሙቀት እንዳላት አድርገው አባቶች የሚሰጡትን ምሳሌ ከእኛ ከካህናቱ አንዱ እንኳ አብሮት ተቀምጦ አላስረዳውም ነበርና። እርሱ የሳተው ለግማሽ ሰዓት ነው፤ እኛ የሳትነው ሦስት ዓመት ነው።

ነገሩ በየትኛውም ሀገር ቀላል አይደለም፤ በወላይታ ግን የሚያከብደው ምክንያት አለ። ጻድቁ አባታችን አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዓመት በዳሞት እንዳስተማሩ፥ ንጉሡን ሞተሎሚንም ወደ ክርስትና እንደ መለሱ ገድላቸው ይናገራል። የሞተሎሚ ስም በወላይታ የነገሥታት ትውፊት ውስጥ ይገኛል፤ ከሶዶ በላይ የቆመውም ተራራ ዳሞታ ይባላል። ነገር ግን በ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነትና የሕዝብ ፍልሰት መንገዱን በዘጉት ጊዜ ከመሀል ሀገር መምህር መምጣቱ ተቋረጠ። የተዘራው ዘር መልካም ሳለ የሚኰተኵተው ታጣ።

ብዙ ደም ከፈሰሰበት ዘመቻ በኋላ፥ በ1887 ዓ.ም. የንጉሥ ጦና ሀገር በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ሲገባ፥ አብያተ ክርስቲያናት ተተከሉ። ይሁን እንጂ ከሰሜንና ከሸዋ የመጡት ካህናት የሚቀድሱት በግእዝ፥ የሚሰብኩትም በአማርኛ ነበረ፤ ሕዝቡ ደግሞ የሚናገረው ወላይትኛ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ፥ ከ1,500,000 በላይ ከሆነው የወላይታ ዞን ሕዝብ መካከል ከመቶው 97 ያህሉ አፉን በወላይትኛ የፈታ እንደ ሆነ፥ ከመቶው 21 ያህሉም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ እንደ ሆነ ተመዝግቧል። ካቶሊካውያንም ሆኑ ወንጌላውያን የሀገሩን ተወላጅ አስተምረው፥ በቋንቋው እንዲያስተምር በየመንደሩ ማስቀመጣቸውን ሁሉም ያውቃል። ይህን የምንለው ማንንም ለመንቀፍ አይደለም፤ ከትጋታቸው ልንማር ይገባናል። ለወላይታ ሕፃን የአባቶቹን ሃይማኖት በእናቱ ቋንቋ የሚነግረው ሰው፥ ብዙ ጊዜ ያ ደመወዝ የሌለው ወጣት ነው። እርሱ ከቀረ ድምፁ አብሮ ይቀራል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መንገዱ አዲስ አይደለም። በግብፅ የእኅታችን የቅብጥ ቤተ ክርስቲያን ልጅ የሆነው ዲያቆን ሐቢብ ጊርጊስ፥ በ1893 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ነበረ። የሚያስተምረው በቂ መምህር ባጣ ጊዜ ሳይማረር መጻሕፍትን እየመረመረ ራሱን አስተማረ፤ ኋላም የትምህርት ቤቱ አለቃ ሆነ፤ በ1918 እ.ኤ.አ. የሰንበት ትምህርት ቤቶችን ሥራ በማኅበር አቋቋመ። ወጣቶችን ወደ መንደር ብቻ አልላከም፤ መጽሐፍ አዘጋጀላቸው፥ አሠለጠናቸው፥ ተከታተላቸው። በኋላ ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ሺኖዳ ሣልሳይ በወጣትነታቸው ከእነዚያ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን አንዱ ነበሩ። እርሱ በ1951 እ.ኤ.አ. ዐረፈ፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሲኖዶስም በ2013 እ.ኤ.አ. ከቅዱሳን ቈጥሮታል።

ወደ ሀገራችንም ስንመለስ፥ ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ ካልእ የሸዋ ሊቀ ጳጳስ ሳሉ፥ በዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም በክረምት ወራት ወጣቶችን ከየሰንበት ትምህርት ቤቱ እየሰበሰቡ ያስተምሩ ነበር። ዘመኑ ሃይማኖት የሚነቀፍበት ዘመን ነበረ፤ ወጣቶቹ ግን ከእርሳቸው እግር ሥር ተምረው ወደየአጥቢያቸው እየተመለሱ ያስተምሩ ነበር። ብፁዕነታቸው በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ዐረፉ። በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ በተላኩ ጊዜ፥ ወላይታን በምሥራቅ በሚያዋስነው በዚያ ወንዝ አካባቢ ተሰብስበው ይጸልዩና ይማማሩ ነበር። በዝዋይ የተማሩትና በብላቴ የጸለዩት ወጣቶች ተገናኝተው በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ተመሠረተ። አንድ አባት በክረምት ወራት ከወጣቶች ጋር መቀመጣቸው ምን ያህል ፍሬ እንዳፈራ ከዚህ እናስተውላለን።

ሥልጠና ስንል የአንድ ቀን ጉባኤ ማድረግና የምስክር ወረቀት ማደል ማለታችን አይደለም። መምህሩ አስቀድሞ አምስቱን አዕማደ ምሥጢርና ሰባቱን ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን ከሊቅ አፍ ይማር፤ የሚጠቀምባቸውንም ምሳሌዎች በሕፃናት ፊት ከማቅረቡ በፊት በመምህሩ ፊት ይናገራቸው። ቀጥሎ የማስተማርን ጥበብ ይወቅ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሊቀበል የሚችለውና የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ የሚጠይቀው አንድ አይደለምና። ትምህርቱንም በወላይትኛ ይለማመድ። መጽሐፍ ቅዱስ በወላይትኛ ታትሟል፤ ነገር ግን አካል፥ ባሕርይ፥ ተዋሕዶ የሚሉትን ቃላት በምን ቃል መግለጥ እንደሚገባ ሊቃውንቱና ቋንቋውን አጥርተው የሚያውቁ ሰዎች አብረው ተቀምጠው ሊመክሩበት ያስፈልጋል። ይህን ሸክም ለአንድ ወጣት ብቻ መተው አይገባም። ከሁሉም በላይ መምህሩ የንስሐ አባት ይኑረው፤ ይጹም፥ ይጸልይ፥ ይቍረብ። ያልጠጣ ምንጭ አያጠጣምና።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር። እነርሱ ተመርቀው በሄዱ ጊዜ ክፍሉ ባዶ እንዳይቀር፥ ከሌላ ሀገር የመጣ ተማሪ ከሀገሩ ተወላጅ ጋር ሁለት ሁለት ሆኖ ያስተምር። አንዱ ያነበበውን ያካፍል፤ ሌላው ቋንቋውንና የሕዝቡን ጠባይ ያስረዳ። ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱን የላካቸው ሁለት ሁለት አድርጎ ነው።

ከሥልጠናው በኋላ ድጋፍ ይከተላል። አጵሎስ ወደ አካይያ ሊሄድ በወደደ ጊዜ በኤፌሶን ያሉት ወንድሞች በዚያ ያሉት ደቀ መዛሙርት እንዲቀበሉት ደብዳቤ ጻፉለት። ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ቲቶ በላከው መልእክት በምዕራፍ 3፥ ሕግ ዐዋቂውን ዜናስንና ይህንኑ አጵሎስን ምንም ሳይጐድልባቸው በመንገዳቸው እንዲረዳቸው አዝዟል። ተመልከቱ፤ ሐዋርያው ስለ አጵሎስ ስንቅ ያስባል። እኛ ግን መምህሩ ከሶዶ ወደ ገጠር አጥቢያ የሚሄድበትን የመኪና ሒሳብ ከኪሱ እንደሚከፍል እያወቅን ጠይቀነው እናውቃለን? ስለ ጠመኔው፥ ስለ መጽሐፉ፥ ስለ ክፍሉ ወንበር ማን ያስባል? በ1965 ዓ.ም. በታወጀውና ከዚያም በተሻሻለው ቃለ ዓዋዲ መሠረት የሰንበት ትምህርት ቤቱ ተወካይ በሰበካ ጉባኤ መቀመጫ አለው። እንግዲህ ወንበሩን ከሰጠነው ቃሉንም እንስማ፤ ለሕንፃው ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱን ለመምህሩ መጽሐፍ እናውጣ። ከተመሠረተው ሕንፃ ውስጥ ነገ ቆሞ የሚጸልየው ዛሬ በእርሱ እጅ ያለው ሕፃን ነው።

ከገንዘቡም የሚበልጥ ድጋፍ አለ። ካህኑ በወር አንድ ጊዜ ከመምህራኑ ጋር ተቀምጦ ምን አስተማራችሁ? ምን ከበዳችሁ? ሕፃናቱ ምን ጠየቋችሁ? ይበላቸው። ፈተና በደረሰባቸው ወቅት፥ ሐዘን ባገኛቸው ቀን፥ ሥራ ባጡ ጊዜ ይጐብኛቸው። ሲሳሳቱም ብቻቸውን ይንገራቸው። ስሕተት ይታለፍ ማለታችን አይደለም፤ አቂላና ጵርስቅላም አላለፉትም። ስሕተቱ ለሕፃናቱ መታረም አለበት፤ ነገር ግን የሚያርመው ራሱ መምህሩ ይሁን፤ በሚቀጥለው እሑድ ቆሞ፥ ባለፈው የነገርኋችሁ ምሳሌ ልክ አልነበረም፤ ትክክለኛው ይህ ነው ይበላቸው። በዚህ ሕፃናቱ ምሥጢረ ሥላሴንም ትሕትናንም አብረው ይማራሉ።

እናንተም የምታስተምሩ ወጣቶች ሆይ፤ ከአጵሎስ ተማሩ። ንግግር ዐዋቂ ሳለ ድንኳን ሰፊዎች ሲያስተምሩት፥ ከእነርሱም አንዲቱ ሴት ስትሆን፥ እኔ መጻሕፍትን ዐውቃለሁ ብሎ አልታበየም። ሐዋርያው ያዕቆብ በምዕራፍ 3 እንዳስጠነቀቀው የመምህራን ፍርድ ይከብዳል፤ ስለዚህ ያልተማራችሁትን ከማስተማር ይልቅ ጠይቄ እነግራችኋለሁ ማለትን አትፈሩ። በቆሮንቶስ ሰዎች እኔ የአጵሎስ ነኝ እያሉ በተከፋፈሉ ጊዜ፥ ቅዱስ ጳውሎስ ራሱን ተካይ፥ አጵሎስን ውኃ አጠጪ አድርጎ፥ ማሳደጉን ግን ለእግዚአብሔር ብቻ ሰጠ። እናንተም ልጆቹን ለራሳችሁ ሳይሆን ለቤተ ክርስቲያን አሳድጉ።

የወላይታ ገበሬ እንሰቱን ከቤቱ አጠገብ ይተክላል፤ ከበረቱም የሚወጣውን ፍግ በየጊዜው ያለብሰዋል። ችግኝ ማብዛት ሲፈልግ ከሥሩ እምብርቱን አውጥቶ በአፈር ይሸፍነዋል፤ ከዚያ ከአንዱ ሥር ብዙ ችግኝ ይወጣል። ችግኙም ከቦታ ወደ ቦታ እየተዛወረ፥ ዓመታትም ቈይቶ፥ ለቤተሰብ ምግብ ይደርሳል። ይህን ትዕግሥት ለእንሰት የሚያውቅ ሕዝብ ለመምህር አያጣውም። መምህራኑን ከቤታችን አጠገብ እንትከላቸው፤ በትምህርት፥ በጸሎትና በፍቅር እናልብሳቸው።

ያ ወጣት ዛሬ ተመልሷል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕፃናቱን ያስተምራል፤ ቅዳሜ ማታ ደግሞ እኛ ከእርሱ ጋር እንቀመጣለን። የተመለሰው በእኛ ብልሃት አይደለም፤ የመጀመሪያውን ጌታ ፍቅር ስላልረሳ ነው። ያልተመለሱት ግን ብዙዎች ናቸው፤ ስለ እነርሱ እንጸልይ፤ ጸልየንም ወደ ቤታቸው እንሂድ።

አጵሎስን ለቤተ ክርስቲያኑ የሰጠ አምላክ፥ የአቂላንና የጵርስቅላን ልብ ለእኛ ይስጠን። የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ የጻድቁ አባታችን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።