የቢላል ታሪክ ሙሉ ይነገር



ለታናናሾቻችሁ ስለ ሐበሻው ቢላል (ረ.ዐ) በኩራት ትነግሯቸዋላችሁ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሙ ለእኩልነት አዲስ አበባ ላይ መሰለፉን፣ ክርስቲያን ወገኖቹም አብረውት መውጣታቸውንም ንገሯቸው። መብቱ እንዴት እንደተገኘ የማያውቅ ልጅ አይጠብቀውም።

ግን ታሪኩን በተበደልንበት በኩል ብቻ አንጨርሰው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎንደር ወደ መተማ በሚወርደው የንግድ መንገድ ሰው እንደ ከብት እየተነዳ ይሸጥ ነበር፤ ከነጋዴዎቹ መካከል ሙስሊሞችም ነበሩበት። ባርነትን የሻረው አዋጅ በ1934 ዓ.ም. ወጣ። ቃሉ ግን ዛሬም ቤታችን ውስጥ አለ፦ ጠቆር ያለውን ልጅ «ባሪያ» ስንል፣ ለትዳር የመጣውን «ዘሩ ምንድን ነው?» ስንል።

አቡ ዘር (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ ሲያነውሩት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የጃሂሊያ ጠባይ ገና እንዳለባቸው ነገሯቸው። ሶሐባ ከታረመ እኛ መታረምን ለምን እናፍርበታለን?

ልጁ ይህን ሲሰማ ወገኑን አይጠላም፤ በደል ከራሱ እጅም ሊወጣ እንደሚችል አውቆ ይጠነቀቃል። ዛሬ ከሶላት በኋላ ለአንድ ልጅ ሁለቱንም ንገሩት።

አላህ ከመበደልም ከመበደላችንም ይጠብቀን። አሚን።