ባዕድ ነጋዴና የእኛ ሚዛን



ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተከልሎ የቆየው የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በ2016 ዓ.ም. ለውጭ ባለሀብቶች ተከፈተ። ካርፉር የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2025 በስሙ መደብር እንዲከፈት ከሚድሮክ ጋር ተዋዋለ። እኛ ፑኝዶ ነን፤ ሳሙና በጅማና በመቱ፣ በጋምቤላና በአቦቦ ዞሮ እስኪደርሰን ዋጋው መንገድ ላይ የሚያድግብን ሰዎች። ትልቅ መደብር ነገ እዚህ አይከፈትም። ወሬው ግን ከሸቀጡ ቀድሞ ደርሷል፤ ባለሱቆቻችንም ዲኑ ስለዚህ ምን እንደሚል ይጠይቁኛል።

ዲኑ ባዕድ ነጋዴን አይከለክልም። ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) መዲና የገባው ባዶ እጁን ነበር። ሰዕድ ኢብን ረቢዕ (ረ.ዐ) ግማሽ ሀብቱን ሊያካፍለው ቢል መርቆት የገበያውን መንገድ ጠየቀ። ቅቤና የደረቀ አይብ እየነገደ ከባለጸጎች ተራ ገባ። ለመሆኑ እኛስ ስንቶቻችን ነን ፑኝዶ የተወለድነው? ይህች ከተማ እኮ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ስደተኛ ተቀብላ አብራ ስትገበያይ የኖረች ናት።

የተከለከለው ሌላ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የገበያውን ዋጋ ያላወቀን ባለዕቃ መንገድ ላይ ጠብቆ መግዛትን ከልክለዋል፤ ጉልበተኛ ገዢ ሻጩን እንዳይበላው ነው። የኬንያ የውድድር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 በዚያ የካርፉርን መደብሮች የሚያስተዳድረውን ማጂድ አል ፉጠይምን አቅራቢዎቹን ተጭኗል ብሎ 1.1 ቢሊዮን ሺሊንግ ቀጥቶታል። ኩባንያው የዱባይ ነው፤ የሙስሊም አገር ስም አላዳነውም።

እኛንም አያድነንም። ዘይት ሊወደድ ነው ሲባል ከመደርደሪያ አውርዶ ጓዳ የሚያስገባው ባዕድ አይደለም፤ ጎረቤታችን ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሸቀጥ አከማችቶ የሚያስወድደውን ኃጢአተኛ ብለውታል። ሚዛን ለሚያጎድሉት ደግሞ ሱረቱል ሙጠፊፊን ወርዶባቸዋል። ገዢው ይህን እያየ ለባለሱቁ የሚያለቅስለት ለምንድን ነው?

ባለሱቆቻችን ትልቁ መደብር የሌለው ነገር አላቸው፤ የዱቤ ደብተር። ደመወዝ እስኪወጣ፣ የዕርዳታ እህል እስኪታደል ቤተሰብ የሚያድርበት እርሱ ነው። ለተቸገረ ባለዕዳ ጊዜ መስጠት ቁርኣን ያዘዘው ነው። ቀኑ አለፈ ተብሎ በዕዳው ላይ ጭማሪ ከተጻፈ ግን ያ ሪባ ነው፤ ጭማሪው አሥር ብርም ቢሆን፣ ደብተሩም የሐጂ ቢሆን።