ወንዝ ሲሞላ ተጠያቂው ማን ነው?

ጎርፍ ጉዳት ባደረሰ ቍጥር ሁለት ዓይነት መልስ ሲሰጥ እንሰማለን። አንዱ «የእግዚአብሔር ቍጣ ነው» ሲል፣ ሌላው «የተፈጥሮ አደጋ ነው፤ ማን ምን ያደርገዋል?» ይላል። የመጀመሪያው የተጎዳውን በደለኛ ያደርጋል፤ ሁለተኛው ማንንም አይጠይቅም። እኛ ግን ከሁለቱም የተለየ መልስ ያለ ይመስለናል።

ከጣና ወጥቶ በጢስ ዓባይ ገደል የሚወረወረው ውኃ በየዓመቱ አንድ ዓይነት አይደለም። በእርግጥ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ብዙው የሐይቁ ውኃ ወደ ጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ስለሚሄድ፣ የጢሱ መሳሳት ብቻውን ስለ ዝናቡ አይመሰክርም። ዝናቡ ራሱ ግን ከሩቅ ባሕር ጋር የተሳሰረ ነው። የፓስፊክ ውቅያኖስ ገጽ ሲሞቅ፣ ኤልኒኞ በሚባለው ጊዜ፣ የደጋችን ክረምት ብዙውን ጊዜ ይሳሳል፤ የ2007 ዓ.ም. ክረምት ለዚህ ምስክር ነው። ላኒኛ በሚባለው ጊዜ ውቅያኖሱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ዝናቡ ይበረታል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ላኒኛ በመጀመር ላይ ሳለ፣ ዓባይ ካርቱም ላይ እስከዚያ ከተመዘገበው ሁሉ የላቀ ከፍታ ደረሰ።

ከዚህም የሚረዝም ዑደት አለ። ግብፃውያን የዓባይን ሙላት ከ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እየለኩ መዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ1906 ወደ ግብፅ የመጣው እንግሊዛዊ ሃሮልድ ኸርስት መዝገቡን ከሌሎች ጋር መርምሮ፣ ሙላት የበዛባቸው ዓመታት ከመሰሎቻቸው፣ የጎደለባቸውም ከመሰሎቻቸው ጋር ተከታትለው የመምጣት ዝንባሌ እንዳላቸው በ1951 አሳየ። ሊቃውንት በ1968 ይህን ጠባይ ሰባቱን የጥጋብና ሰባቱን የረሃብ ዓመታት በማሰብ «የዮሴፍ ውጤት» አሉት።

የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። የጎደሉ ዓመታት ሲከታተሉ ሰው «ወንዙ ለዘለዓለም ሸሸ» ብሎ ጎጆውን ወደ ዳርቻው ያስጠጋል። መሬት የጠበበበትን ገበሬ በዚህ ልንወቅሰው አንችልም፤ ሌላ ምርጫ የለውምና። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ባጥለቀለቁ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ዝናቡን ማንም ሰው አላዘዘውም። ነገር ግን ከተራቈተው ተራራ ታጥቦ የወረደው አፈር የወንዞቹን ወለል ከፍ ማድረጉ፣ ድኻውም ከውኃው አጠገብ እንዲኖር መገደዱ የሰው ሥራ ነው። ዛሬ ደግሞ የምድር ሙቀት መጨመር ከባዱን ዝናብ ይበልጥ እያከበደው ስለሆነ፣ ብዙ ነዳጅ ያቃጠሉ ሩቅ አገሮችም ከተጠያቂነቱ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ይህ ግን የእኛን ድርሻ አይሰርዝልንም።

ዮሴፍ ዓባይን አላዘዘም፤ የረሃቡንም ዓመታት አላስቀረም። የተመሰገነው በጥጋብ ዘመን ጎተራ ስለ ሠራ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ትውልድ ፍርድ የሚመዘነው ውኃው በመጣበት ሌሊት ባፈሰሰው እንባ ሳይሆን፣ ወንዙ ጸጥ ባለባቸው ዓመታት በሠራው ሥራ ነው ብለን እናምናለን። ሽማግሌዎች የውኃው ወሰን እስከ የት እንደ ደረሰ ለልጆቻቸው ያሳዩ፤ የሚያውቁትም ይጻፉት። ተራራው ዛፍ ይልበስ፤ ለወንዙም መተንፈሻ ቦታ ይተውለት። መሬት የሚያከፋፍሉም ሁሉ በጣም የተቸገረውን ሰው ከዳርቻው ጫፍ ላይ አያስቀምጡት። ውኃው ተመልሶ ይመጣልና፤ ሲመጣም ማንን እንደሚያገኝ የሚወስነው ዛሬ የምንሠራው ነው።