ለአውሮፕላንህ ባትሪ ስትመርጥ

ልጄ፣ ከሐረር ፈላና በር ውጭ የምታበራትን የፎም አውሮፕላን አየኋት፤ ክንፏ እጅ ያለው ሰው ሥራ ነው። ያሳሰበኝ ባትሪዋ ነው። ከአሮጌ ላፕቶፕ የፈታሃቸው ሴሎች ለፓወርባንክና ለስፒከር ይበቃሉ። የአንተ ሞተር ግን ሽቅብ ሲወጣ 20 አምፔርና ከዚያም በላይ ይስባል። እነዚያ ሴሎች በአብዛኛው ከ4 ወይም ከ5 አምፔር በላይ ሲጠየቁ ይግላሉ፣ ቮልቴጃቸው ይወርዳል፣ አውሮፕላኗም ሰው ላይ ልትወድቅ ትችላለች።

ሊፖ የሚባለውን የሊቲየም ባትሪ ግዛ። 3ኤስ፣ 2200 ሚሊአምፔር ሰዓት፣ 25ሲ የሚል ካየህ ሦስት ሴል፣ 11.1 ቮልት ነው። 2200 ሚሊአምፔር ሰዓት ማለት 2.2 አምፔር ሰዓት ነው፤ 2.2ን በሲው ቁጥር፣ በ25፣ ብታባዛ ባትሪው ሊሰጥ የሚችለው 55 አምፔር ይሆናል። ሻጮች ይህን ቁጥር ስለሚያጋንኑት ግማሹን ብቻ እመን። ከሁሉ ትልቁን ልግዛ አትበል። ሐረር ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ አየራችን ስስ ስለሆነ ክብደት ሲጨምር መነሳትም ማረፍም ይከብዳታል።

የሞላ ሴል 4.2 ቮልት ነው፤ ከ3 በታች ከወረደ ይበላሻል። ስለዚህ ሞተሩ እስኪደክም አትጠብቅ፣ እያንዳንዱ ሴል 3.6 ቮልት አካባቢ ሳለ አሳርፋት። ለሳምንት የማታበር ከሆነ በየሴሉ 3.8 ቮልት ላይ አስቀምጠው፤ ሞልቶ ሲቀመጥ ያረጃል። ድሬዳዋ ስትወርድም በቆመ መኪና ውስጥ አትተወው፣ ሙቀት ይገድለዋል።

ከሁሉ በላይ የምለምንህ ስለ ቻርጁ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 በባትሪ ቃጠሎ ምክንያት በዓለም ያሉ ቦይንግ 787 አውሮፕላኖች በሙሉ ከበረራ ታገዱ። በሚያዝያ መጨረሻ መንገደኛ ይዞ ከሁሉ ቀድሞ ወደ በረራ የተመለሰው የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነበር፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ፤ ያም ባትሪው ጭሱን ወደ ውጭ በሚያስወጣ የብረት ሣጥን ከታሸገ በኋላ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ለንደን ሂትሮው ላይ የቆመ የኢትዮጵያ 787 ተቃጠለ። መነሻው የአደጋ ጊዜ ምልክት መስጫው ሊቲየም ባትሪ ነበር፤ መርማሪዎቹ ሽቦው ከክዳኑ ሥር ተጨፍልቆ አገኙት። እንዲህ ያለ ነገር በእነዚያ መሐንዲሶች እጅ ከደረሰ፣ አንተ ምንጣፍ በተነጠፈበት፣ ስፌት በተሰቀለበት፣ ጣሪያው እንጨት በሆነ ክፍል ቻርጅ አድርገህ እንዴት ትተኛለህ? በግንብ በተከበበው ጀጎል ውስጥ ቤት ከቤት ግድግዳ ይጋራል፤ በጠባቡ መንገድም የእሳት አደጋ መኪና አይገባም።

ግቢው ድንጋይ ላይ አውጣው፣ ከብረት ጣሳ ውስጥ አድርገው፣ አፉን አትክደን። ሴሎቹን በሚያመጣጥን ቻርጀር፣ በ2.2 አምፔር ሙላው፤ በስልክ ቻርጀር ከቶ አትሞክር። አጠገቡ ቁጭ በል። መብራት ሄዶ ከተመለሰ ንቀልና ቮልቱን ለክተህ እንደገና ጀምር። ሽቦው እንዳልተላጠ ሁልጊዜ እይ።

ያበጠ ባትሪ ካለህ አትውጋው፣ አትጫን፣ ቻርጅም አታድርገው። ደጅ ላይ በትንሽ የመኪና አምፖል እያየኸው ባዶ እስኪሆን አውርደው፣ ጫፎቹን በቴፕ ሸፍነህ ለብቻው በቆርቆሮ አኑረው። ቆሻሻ ላይ ግን አትጣለው፤ ሌሊት ጅቦቹ የሚለቃቅሙት እዚያው ነው፣ በጥርሳቸው ከበሱት ሊነድድ ይችላል።