ልባቸው ገና ስላልቈረጠ ብላቴኖች

በየቤተ ክርስቲያናችን አንድ ዓይነት ብላቴና አለ። ከእናቱ ጋራ ይመጣል፤ መዝሙሩን በቃሉ ያውቃል፤ ጸሎት ሲደረግም ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ ዳሩ ግን ልቡ በዚያ የለም። ክዶ የሄደ አይደለም፤ አምኖም የቈረጠ አይደለም። ስለ ከሓዲው እንጸልያለን፤ ስለ አማኙም እናመሰግናለን፤ በመካከል ለቆመው ግን ምን እንደምናደርግለት ግራ ይገባናል።

ሽማግሌዎች ብዙውን ጊዜ ከሁለት ነገር አንዱን ያደርጋሉ፤ ወይ ይገሥጹታል፤ ወይ ያጫውቱታል። ተግሣጽ የበዛበት ዝም ማለትን ይማራል። ጨዋታ የበዛለት ደግሞ የሚበልጥ ጨዋታ ባገኘ ቀን ወደዚያ ይሄዳል፤ በጨዋታስ ከከተማው ጋራ ማን ይወዳደራል? በሁለቱም መንገድ ብላቴናው በቤቱ ተቀማጭ እንጂ ሠራተኛ አይሆንም።

እንግዲህ የሳሙኤልን ነገር እናስተውል። የመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል በምዕራፍ 3 እንደሚነግረን፤ ይህ ልጅ አምላኩን ለይቶ ከማወቁ በፊት በካህኑ በዔሊ ዘንድ ያገለግል ነበር፤ የመቅደሱንም ደጅ ማለዳ የሚከፍት እርሱ ነበር። ዔሊ፦ አስቀድመህ እመን፤ ከዚያ በኋላ ሥራ እሰጥሃለሁ አላለውም። ጥሪው በሌሊት በመጣ ጊዜም ሳሙኤል ሦስት ጊዜ ወደ ሽማግሌው ሮጠ፤ በዚያ ቤት የሚታዘዘው ሥራ፥ የሚጠራውም ሰው ነበረውና። ዔሊ ዓይኑ የፈዘዘ፥ በገዛ ልጆቹም ምክንያት የተወቀሰ ሰው ነው፤ ነገር ግን በዚያች ሌሊት አንድ መልካም ነገር አደረገ። በብላቴናው ፈንታ አልመለሰም፤ ራሱ ሰምቶ ራሱ እንዲመልስ መልሶ ሰደደው።

ይህንኑ ነገር በሌላ ዘመን አንድ መጋቢ ሞክሮታል። በአሜሪካ አገር፤ በሜይን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ የነበረው ቄስ ፍራንሲስ ክላርክ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1881 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ 2 ቀን የቤተ ክርስቲያኑን ወጣቶች ሰብስቦ የክርስቲያን ትጋት የሚባለውን ማኅበር መሠረተ። የገቡበትም ቃል ከባድ ነበር፤ ይኸውም በየስብሰባው መገኘት፥ በተገኙም ጊዜ እንደ ተመልካች ሳይቀመጡ ጥቂትም ቢሆን አንድ ነገር ማድረግ ነው። ማኅበሩ ከዚያ በኋላ በብዙ አገር ተስፋፋ፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ስፋቱ አይደለም፤ በደንቡ ውስጥ ሁለት ዓይነት አባል መኖሩ ነው። አንደኛው እምነቱን በግልጥ የተናገረ ነው። ሁለተኛው ይህን ለመናገር ገና ያልቻለ፤ ሆኖም በጉባኤው መካከል ሊኖር የሚወድ ነው። ያልቈረጠው ሰው ሳይዋሽ የሚቀመጥበት የራሱ ስም፥ የራሱም ስፍራ ተሰጠው። (ቃሉን በወረቀት ማስፈረም ለዛሬ ብላቴና ሁሉ ይበጃል አልልም፤ ፈርሞ ማፍረስን የሚለምድ አለና።)

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ትልቁ አደጋ በዚህ ላይ ነው። ያላመነውን እንዲመሰክር በሰው ፊት የምናቆመው ልጅ ግብዝነትን ከእኛ ይማራል። ምንም የማንጠይቀው ልጅ ደግሞ በዚህ ቤት እንደማያስፈልግ ይረዳል። አንድ ሽማግሌ፦ ያልጸናውን ልጅ ወደ አገልግሎት እንዴት እናስገባ? ይል ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው፤ መልሱም አጭር ነው። የስብከት ስፍራና የጌታ ማዕድ ለአማኞች ይጠበቁ፤ ነገር ግን ወንበር ማሰናዳት፥ የመጻሕፍቱን መዝገብ መያዝ፥ ለታናናሾች ፊደል ማስቈጠር፥ ከአንድ ሽማግሌ ጋራ ሄዶ ሕመምተኛ መጠየቅ የማንንም መቅደስ አያረክስም። ሕመምተኛውን ያየ ልጅ ስለ ሞትና ስለ ትንሣኤ የሚጠይቀው ጥያቄ ከስብከት ብቻ ከሰማው ልጅ ጥያቄ ይለያል።

በጠየቀም ጊዜ አፉን አትዝጉት። ጌታችን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ያደምጥና ይጠይቅ እንደ ነበረ ሉቃስ በምዕራፍ 2 ጽፎአል፤ መምህራኑም ስለ ዕድሜው አላባረሩትም። ተማሪ ቤት ውሎ የመጣ ልጅ ስለ ፍጥረት፥ ስለ ድኻውም መከራ ቢጠይቃችሁ፤ ይህ አይጠየቅም ያላችሁት እንደ ሆነ ጥያቄውን ይዞ ከእናንተ ይልቅ ወደ ስልኩ ይሄዳል።

ነገር ግን ልጁን ለማስቀረት ብላችሁ ወንጌሉን አታቅልሉለት። ማርቆስ በምዕራፍ 10 እንደ ተረከው፤ ጌታ ባለጠጋውን አይቶ ወደደው፤ ሰውዬው እያዘነ ሲሄድም ትእዛዙን አልቀነሰለትም። ወደደውም፥ እውነቱንም ነገረው።

ስለዚህ በሚመጣው እሑድ ከእነዚህ ብላቴኖች አንዱን በስሙ ጥሩትና የመጻሕፍቱን ሣጥን ቍልፍ ስጡት። በሁለተኛው እሑድ የቀረ እንደ ሆነ በስፍራው ሌላ ሰው አትሹሙ። ከስብሰባው በኋላ ወደ ቤቱ ሂዱ፤ ለምን ቀረህ ብላችሁም አትመርምሩት፤ ቍልፉ በእርሱ እጅ ስለ ነበረ በዚያ ቀን መጽሐፍ እንዳልተከፈለ ብቻ ንገሩት።