ሳይቃጠል በቅጠል

ከዓመታት በፊት፣ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ገለል አድርገው «መምህር፣ ልጄ ውጭ ማደር ጀምሯል፤ በኪሱም ያልሠራበትን ገንዘብ አገኘሁ። አደራዎን፣ ለሰው እንዳይነግሩብኝ» አሉኝ። እኔም አደራቸውን ጠበቅሁ። ለንስሐ አባታቸው እንዲነግሩ አልመከርኋቸውም፤ ልጁንም ጠርቼ አላነጋገርሁትም። በዓመቱ ልጁን ያየሁት ዕፅ በመሸጥና ሰው በማቁሰል ተከስሶ ፍርድ ቤት ቆሞ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ ኅሊናዬን አላሳርፍ ብሎታል፤ የሰውን ገመና መሸፈን መቼ ደግነት፣ መቼስ በደል ይሆናል?

በአገራችን ገመና ሸፋኝ ሰው የተከበረ ነው፤ ሊከበርም ይገባዋል። ነገር ግን ይህ ልማድ ብቻውን የቆመ አልነበረም። ያጠፋ ልጅ ያየ ሽማግሌ የማን ልጅ እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ይገሥጸው ነበር፤ የኔታውም፣ የንስሐ አባቱም፣ ጎረቤቱም ያውቁት ነበር። የቤቱ ምሥጢር ቢሸፈንም ልጁ ግን ከዓይን አይሰወርም ነበር። የአለንጋው ዘመን እንዲመለስ አልመኝም። የምለው፣ ወደ ቶሮንቶ ስንሰደድ መሸፈኑን ይዘን መጥተን መጠበቁን እዚያው መተዋችንን ነው። አባት ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ያድራል፤ እናት ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ትሮጣለች፤ የጎረቤትም በር ዝግ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ የ15 ዓመት ተማሪ በዚህች ከተማ፣ በትምህርት ቤቱ ውስጥ በጥይት ተገደለ። የኦንታሪዮ መንግሥትም የቀድሞውን ዋና ዳኛ ሮይ መክመርትሪንና የቀድሞውን አፈ ጉባኤ አልቪን ከርሊንግን የወጣቶችን ዓመፅ ሥር መሠረት እንዲመረምሩ ሾመ። በ2008 ያወጡት ጥናት ድህነትን፣ ዘረኝነትን፣ የሥራ ዕጦትን፣ የትምህርት ቤትና የቤተሰብ ችግርን ከሥሮቹ መካከል ቆጥሯል። ከዚህም ሌላ፣ ለዓመፅ የሚጋለጠው ወጣት ብዙ ጊዜ ከሰው የተገለለ፣ ተስፋ የቆረጠና የሚሰማው ያጣ መሆኑን አመልክቷል። ድህነትንና ዘረኝነትን አንድ ደብር ብቻውን አይነቅልም። የሚሰማው ያጣውን ልጅ ለመስማት ግን የማንን ፈቃድ እንጠብቃለን?

«ታዲያ የተሰጠህን አደራ መብላት ነበረብህ ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አልነበረብኝም። ወሬውን በአደባባይ ማውጣትና ከሚመለከተው ጋር መምከር ግን ለየቅል ናቸው። እናቲቱን «ይፍቀዱልኝና ልጁን ላነጋግረው፤ ለካህኑም አብረን እንንገር» ማለት እችል ነበር። ገመናን ከወሬኛ መሸፈን ደግነት ነው፤ ሊረዳ ከሚችል ሰው መሸፈን ግን ልጁን ብቻውን መተው ነው። መለያውም፣ ዝምታችን የሚጠብቀው ልጁን ነው ወይስ ስማችንን ብሎ ራስን መጠየቅ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ለዚህ አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያሻንም። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ፣ ለወንዱ የክርስትና አባት፣ ለሴቷ የክርስትና እናት ይቆማሉ፤ ሕፃኑን በሃይማኖትና በምግባር የማሳደግንም ኃላፊነት ይቀበላሉ። ከድግሱ በኋላ ግን የክርስትና ልጃችን ስንተኛ ክፍል እንደ ደረሰ የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? በወር አንድ ቀን ምሳ እንጋብዘው፤ ከመገሠጻችን በፊት እናድምጠው፤ አማርኛው ከከበደው በሚቀለው ቋንቋ ያውራን። ከአባቱ ጋር የተኳረፈ ወጣት የልቡን የሚያጫውተው ሌላ ትልቅ ሰው ካላገኘ፣ የሚያደምጠው ሰው በመንገድ ላይ ይጠብቀዋል፤ እርሱም ዋጋውን ያስከፍለዋል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ያን እሑድ ቅጠሉ በእጄ ነበር፤ አልተጠቀምሁበትም። እናንተ ግን በሚመጣው እሑድ አንድ ልጅ ስሙን ጠርታችሁ አነጋግሩ። እግዚአብሔር ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ እኛንም ጠባቂዎች ያድርገን።